ከድንኳኑ እንዳያልፍ

ቢርቢርሳ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሉላ እህቴ፣

በቃል የላክሽውን ጥያቄ ጋሽ አብዱራሕማን ከመኪናቸው ሳይወርዱ አደረሱልኝ። «ሉላ ‹እውነት ስልክ አይሠራም ወይስ እየሸሸኝ ነው?› ብላለች» አሉኝ እየሳቁ። አይሠራም። ኮረብታው ላይ ያለው አንቴና ከክረምቱ ጀምሮ ድምፁ ጠፍቷል፤ ለመደወል ወረዳው ከተማ ድረስ በሞተር ግማሽ ቀን መንገድ ነው። ስለዚህ የእሳቸው አይሱዙ ቡና ሊጭን በመጣ ቁጥር እጽፍልሻለሁ፤ አንቺም በእሳቸው ላኪልኝ። ጎረቤትሽ ስለሆኑ ደጃፍሽ ድረስ ያመጡልሻል። ፊደሌን ታገሺ። ሃያ ሁለት ሰፈር ፋርማሲ ውስጥ የሐኪም ጽሑፍ ሳነብ ኖሬ የእኔም ተበላሽቷል።

ቢርቢርሳ ትንሽ መንደር ናት። ከመጨረሻው ቤት ጓሮ ላይ ጫካው ይጀምራል፤ አጥር የለ፣ ሜዳ የለ፣ ይጀምራል በቃ። ወንድሜ ግርማይ በስልክ «ዛፉ ሰማዩን ይዘጋዋል» ሲለን ያጋነነ ይመስለኝ ነበር። ከትልቁ ወንዝ ወዲያ ያለውን አገር ሰዉ በስም አይጠራውም፤ «ማዶ» ብቻ ነው የሚለው። ማር ቆራጭም አይሻገር፣ አዳኝም አይሻገር። ከሳተላይት ያወጣነው ካርታም የሚያሳየው ደመናና አረንጓዴ ነው። ግርማይ ከሁለት ዓመት ከምናምን በፊት ዛፍ ሊያጠና የገባው እዚያ ነው። እዚያው ቀረ።

«ከማን ጋር ነው የምትገባው?» ብለሽ በጋሽ አብዱራሕማን መጠየቅሽንም ሰምቻለሁ። እነሆ። አብኔዘር ቦሌ አንድ ጂም ውስጥ፣ የፕላስቲክ ድንጋይ የተለጠፈበት ግድግዳ ላይ ሰው መውጣት የሚያስተምር ልጅ ነው። ገመድ ያውቃል፤ እውነተኛ ገደል ግን ነክቶ አያውቅም። ከመጣን ጀምሮ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ኔትወርክ ይፈልጋል። ሙስአብን ታውቂዋለሽ፤ የጋሽ አብዱራሕማን ልጅ ነው። በአባቱ መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ያደገ፣ ጎማ የሚፈታ፣ የሚያበስል፣ በሆነ ባልሆነው የሚስቅ። ዋና አይችልም። ሦስተኛው ደጀኔ ነው፤ የዚህ አገር ሰው። ግርማይን መንገድ መርቶ ወደ ማዶ ያሻገረው እሱ ነው፤ ብቻውን የተመለሰውም እሱ ነው። ዓይኔን አያይም። መንገዱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ እሱን አልይዝም ነበር።

ሉላ፣ አራታችን አብረን አንድ ቀን እንኳ ውጭ አድረን አናውቅም። ማን ሲደክመው እንደሚቆጣ፣ ማን ሲፈራ እንደሚሸሽ አላውቅም። የእኔንም ጨምሮ። ለዚህ ነው ከመግባታችን በፊት እዚህ ሰንብተን እንለማመድ ያልኩት።

እናቴን፣ አደይን፣ ሳሚልኝ። ለሰው ሁሉ «ሃይለኣብ ወንድሙን ሊያመጣው ሄደ» እያለች እንደምታወራ አውቃለሁ። አታርሚያት።

ሃይለኣብ


ጉርድ ሾላ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሃይለኣብ፣

በደህና መድረስህን ስሰማ ተነፈስኩ፤ ስለ ጓደኞችህ ሳነብ ትንፋሼ መልሶ ተያዘ። የጂም አስተማሪ፣ ዋና የማይችል ረዳትና የማታምነው መሪ! ይቅርታ አድርግልኝ፣ መጻፍ የጀመርኩት ላበረታታህ ነበር።

አደይ ደህና ናት። ባለፈው እሑድ ወንድሟ ጋሽ ሐጎስ ከጎሮ ዘመድ ሰብስቦ መጣ። ምን ሊል እንደመጣ ገና ከደረጃው ሲወጡ ገብቶኛል። «እህቴ፣ በቃ፤ ፍታት ይደረግለት፣ ለቅሶ እንቀመጥ፣ ይቺም ልጅ ታርፍ» አላት። ይቺ ልጅ እኔ ነኝ። አደይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችውና ምን አለችው መሰለህ፦ «ሐጎስ፣ አንተንም አልቅሼልሃለሁ።» ትዝ ይልህ እንደሁ፣ ያኔ ከአገር ቤት ስልክ የተቋረጠ ጊዜ ጋሽ ሐጎስ ሞተ ተብሎ ተረድታ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ደረቷን ደቅታ፣ ከዓመት በኋላ በእግሩ ሄዶ በር አንኳኳባት። «በወሬ ሰው መቅበርን እንድተው ያደረግከኝ አንተ ነህ። ልጄን ሳላይ አላለቅስም» አለችው። ጋሽ ሐጎስ ቡናውን ሳይጨርስ ተነሳ።

እኔ ግን ሃይለኣብ፣ የግርማይ ሚስትም መበለትም አይደለሁም። የምሠራበት ትኬት ቢሮ ደንበኛ «ባለቤትሽ ደህና ነው?» ሲለኝ «ደህና ነው» እላለሁ። ምን ልበል?

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርህ። የሙስአብ እናት እትዬ ሰኪና ሱቅ ሄጄ ነበር። አባትየው ልጁን የላኩት እሷን ሳያማክሩ ኖሯል። ጨርቅ እየለካች ቀና ብላ ሳታየኝ «ልጄን ለምን ጫካ አስገባችሁት?» አለችኝ። ለመንኳት። የአደይን ነገር ነገርኳት። ሙስአብ ከወንዙ ወዲህ ድንኳን ይጠብቃል፣ ያበስላል እንጂ ማዶ አይሻገርም አልኳት። ከዚያ እጄን ያዘችኝና «ከድንኳኑ እንዳያልፍ። የሱን አባት አላምንም፤ እሱ ወንድ ነው፣ ልቡ ይነሳሳል። አንቺ ቃል ግቢልኝ» አለች። ገባሁላት።

ስለዚህ አንተም ግባልኝ። በሚቀጥለው ደብዳቤህ በጽሑፍ እፈልጋለሁ።

ሉላ


ቢርቢርሳ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሉላ፣

ቃሌ ይኸው፦ ሙስአብ ከድንኳኑ አያልፍም። ለእትዬ ሰኪና አንብቢላት።

እሱ ራሱ ግን ቅር ብሎታል። «ዶክተር፣ ለድስት ጥበቃ ነው እዚህ ድረስ ያመጣኸኝ?» ይለኛል። መድኃኒት የሚሸጥ ሁሉ ለእሱ ዶክተር ነው። እኔም «ድስቱ ከሌለ ማን ይመለሳል?» አልኩት። ሳቀ። ልምምዱን ግን ከእኛ ጋር ይሠራል። ትምህርት ቤቱ ጀርባ ሁለት ዋርካ መሐል ገመድ ወጥረናል፤ የመንደሩ ሰው ከሥራ ሲመለስ ቆሞ ያየናል። ሙስአብ መጀመሪያ የተንጠለጠለ ዕለት ዓይኑን ጨፍኖ «ቢስሚላህ» ሲል እንጂ ሲንቀሳቀስ አላየነውም። ካወረድነው በኋላ እንደገና አውጡኝ አለ። አሁን ቋጠሮውን ከአብኔዘር እኩል ይቋጥራል። አብኔዘር ደግሞ ውጭ ለማደር በሞከርንበት ዕለት «ቻርጀሬን ረስቻለሁ» ብሎ መንደር ተመለሰና በማግስቱ ከረፈደ መጣ። ከዚያ ወዲህ ግን ሲያድር ማጉረምረም ትቷል፤ እንዲያውም ከሁላችን ቀድሞ እንጨት የሚሰብረው እሱ ሆኗል። ሰው እንዲህ ቀስ እያለ ይታወቃል።

ደጀኔ ምን አለ ማለትሽ አይቀርም። ብዙ ቀን ቆይቼ ጠየቅኩት። ቆንጨራውን እየሳለ፣ ዓይኑን ሳያነሳ ነገረኝ። ስንቅ አልቆባቸው ደጀኔ ሊያመጣ ወደዚህ ተሻገረ፤ ግርማይ ማዶ ቀረ። ሲመለስ ወንዙ ሞልቷል። እዚህ ጠብ ያላለ ዝናብ ተራራው ላይ ወርዶ ነው። ግርማይ ከማዶ በእጁ «ሂድ፣ ሂድ» ብሎ ምልክት ሰጠው። ደጀኔ ውሃው እስኪጎድል ጠበቀ፤ ክረምቱ ግን ገብቶ ነበር። ለመሻገር ሞክሮ ግንድ ትከሻውን መታው። ሸሚዙን ገልጦ አሳየኝ፤ አጥንቱ ጠምሞ ነው የገጠመው። «ሰው ሁሉ ጥሎት መጣ ይላል። በለው። እኔ ያየሁትን አየሁ» አለኝ።

አመንኩት ብልሽ ውሸት ነው። ትከሻ በብዙ ነገር ይሰበራል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ካልፈለግሽ አትመልሺው። እኛ ሁላችን አደይን ፈርተን ነው ዝም ያልነው። አንቺስ? ከጋሽ ሐጎስ ጎን ብትቆሚ ማንም አይፈርድብሽም ነበር።

ሃይለኣብ


ጉርድ ሾላ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሃይለኣብ፣

ደብዳቤህን ለእትዬ ሰኪና አነበብኩላት። «ድስቱ ከሌለ ማን ይመለሳል» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቀች፤ ከሄዳችሁ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ሹራብና በሶ ልካለታለች። በሶውን ሌላ ሰው እንዳይነካበት ብላለች፤ አብኔዘርን ጠርጥራ ነው መሰለኝ።

ጥያቄህን ሳልመልስ ብዙ ቀን አደርኩ። እውነቱን ትፈልጋለህ? ግርማይ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልኝ ከዚያው ከምትጽፍልኝ መንደር ነው። ያወራነው ስለ መጋረጃ ነው። ጎሮ ያለው ቤታችን ሊያልቅ ተቃርቦ፣ እኔ ነጭ ይሁን እላለሁ፣ እሱ «አቧራ ነው፣ ቡናማ ይሁን» ይላል። ተጨቃጨቅን። «እሺ፣ ስመለስ አይተን እንወስናለን» አለኝና ድምፁ ተቆራረጠ። ቤቱ ዛሬም መስኮቱ ባዶ ነው። ለቅሶ ከተቀመጥኩ ሃይለኣብ፣ ብቻዬን መወሰን ሊኖርብኝ ነው። ለአደይ የፈራሁላት መስሏችኋል። እኔ ከእሷ ጀርባ ተደብቄ ነው።

እና አሁን አንተ ልታገኘው ነው። ባገኘኸው እላለሁ፣ ባታገኘው እላለሁ። ሁለቱንም በአንድ ጸሎት ውስጥ እላለሁ፤ የትኛው እንደሚሰማ እግዜር ይወቅ።

ለገና አደይ የአንተንም የግርማይንም ልብስ አሳጥባ ሰቅላዋለች። ሁለታችሁም ለጥምቀት የምትደርሱ ይመስላታል። ከቻልክ ለጥምቀት ድረስ። ብቻህንም ቢሆን።

ሉላ


ቢርቢርሳ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሉላ፣

ይህ ከመግባታችን በፊት የመጨረሻው ደብዳቤዬ ነው። እንኳን አደረሳችሁ። ነገ ጠዋት እንነሳለን።

ከሁሉ አስቀድሜ የሚያስከፋሽን ልናገር። አብኔዘር ወባ ይዞታል። መድኃኒት ጀምሬለታለሁ፤ ቢሆንም በእግሩ አይቆምም፤ ወረዳው ጤና ጣቢያ አስተኝተነዋል። ስንሸኘው እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ያን ሁሉ ተለማምጄ» ይላል። ገመዱ ደግሞ ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ አንድ የሚሻገር፣ ሁለት የሚይዝ። ደጀኔና እኔ ሁለት ነን።

ሙስአብ ይመጣል። ገመድ ለመያዝ ብቻ፣ ከወንዙ ወዲህ ዳር ቆሞ። ስነግረው ዘሎ አቀፈኝ። ቃሌን እያፈረስኩ መሆኑን አውቃለሁ። ሌላ ሰው ፈልጌ ነበር፤ የመንደሩ ሰው ግን ወደ ማዶ ፊቱን አያዞርም። መጠበቅም አልችልም። በጋው አጭር ነው፤ አብኔዘር እስኪያገግም ወሩ ያልቃል።

ደጀኔ ግን ቆዩ ይላል። ተራራው ራስ ላይ ያለውን ደመና እያሳየኝ «ላይ እየዘነበ ነው፤ ጥቂት ቀን እንይ» ይለኛል። እዚህ ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቷል። እውነቱን ልንገርሽ? ይህ ሰውዬ ማዶ ያለውን እንዳይ የማይፈልግ ይመስለኛል። ለዚህ ነው ነገ ይሁን ያልኩት።

ለእትዬ ሰኪና አትንገሪያት። ስንመለስ እኔ ራሴ ጉልበቷ ላይ ወድቄ እነግራታለሁ። ለጋሽ አብዱራሕማንም አልነገርኳቸውም፤ ይህን ደብዳቤ መኪናቸው ውስጥ ሆነው እየጠበቁ ነው፤ ልጃቸው ድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ እጁን እያውለበለበላቸው ነው።

አደራ።

ሃይለኣብ


ጉርድ ሾላ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሃይለኣብ፣

ይህ ሲደርስህ ከማዶ ተመልሰህ ይሆናል፤ ስለዚህ ቁጣዬን በሰላም ቀን አንብበው።

ምን ነካህ? ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ! እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንተ ወረቀት ላይ ነው የጻፍከው፤ እኔ ግን በየቀኑ በሱቋ በኩል ነው የማልፈው።

ልነግራት ሄጄ ነበር። እውነቴን ነው፣ ልነግራት ወስኜ። ሱቁ በደንበኛ ተሞልቷል፤ እህቷ ሸምሲያ ልትረዳት መጥታለች፤ ለአንዲት ሙሽራ ጨርቅ እያወረዱ ይሳሳቃሉ። እትዬ ሰኪና ከመሐል አየችኝና በሰው ራስ ላይ «ሉላ! ከድንኳኑ አላለፈም አይደል?» ብላ ጠራችኝ። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«አላለፈም» አልኳት።

አልሐምዱሊላህ ብላ ወደ ጨርቋ ተመለሰች። ወጥቼ ባቡሩ ድልድይ ሥር ቆምኩ፤ የት እንደምሄድ ጠፋኝ። አሁን ውሸቱ የሁለታችን ነው። ልጁን በደህና አምጥተህ አንተም እኔም እንሰደብ። ስድቡን እሸከማለሁ። ብቻ አምጣው።

ሉላ


ወረዳው ከተማ፣ ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሉላ፣

ሙስአብ አርፏል። ትናንት እዚህ ከተማ ቀበርነው።

ይህን በሌላ መንገድ መጀመር ሞክሬ ወረቀት ቀደድኩ። ሌላ መንገድ የለውም።

ወንዙ ዳር የደረስን ዕለት ማዶውን ቆሜ ስቃኝ፣ ዛፎቹ መሐል ቢጫ ነገር አየሁ። ሸራ ነው። ግማሹ ወድቋል፣ ሐረግ ወጥቶበታል፤ ግን የግርማይ ድንኳን ነው፤ ቦሌ አብረን የገዛነው። ከዚያ በኋላ የነበርኩት ሰው እኔ አይደለሁም። ደጀኔ ውሃውን እየሰማ «ድምፁ ተለውጧል፤ ነገ» አለኝ። ዛሬ አልኩት። «ወንድምህ ከዚያ አይሄድም፤ ነገ» አለኝ። ጮህኩበት። አንተ የፈራኸው ውሃውን አይደለም አልኩት። ገመዱን አነሳ።

እኔ ልሻገር ተነሳሁ። ሙስአብ «ዶክተር፣ አንተ ከባድ ነህ፤ እናንተ ሁለታችሁ ያዙኝ፣ እኔ ቀላሉ ልሂድ» አለ። ዓይኑን አየሁት። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ወገቡ ላይ ገመዱን በእጄ ቋጠርኩለት።

መሐል ሲደርስ ግንድ መጥቶ ጎኑን መታው። ደጀኔ ነው ዘሎ የገባው። ያ የተሰበረ ትከሻው እያለ ገብቶ አወጣው። እኔ ገመድ ይዤ ቆሜ ነበር።

ጎኑ ተሰብሮ ነበር፤ ውስጡ እየደማ። የያዝኩት መድኃኒት ሕመሙን ከማስታገስ አያልፍም፤ እሱንም አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። ደጀኔ «ውሃው ነገ ይጎድላል፤ አንተ እዚህ ቆይተህ ተሻገር፣ እኔ ልጁን ተሸክሜ ልውጣ» አለኝ። የሰደብኩት ሰው እንዲህ አለኝ። ቃሬዛ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሸራውን አንዴ አየሁት፣ ጀርባዬን ሰጠሁትና ተመለስን። ሙስአብ ሁለት ቀን ያህል ቆየ። መንገድ ላይ ነው ያረፈው፣ ጠዋት፣ ወፎች ሲጮሁ።

ቢርቢርሳ አስገብተን ድንኳኑ ውስጥ አስተኛነው። ብዙም ሳይቆይ የአይሱዙው ድምፅ መጣ። ጋሽ አብዱራሕማን አዲስ ጫማ በካርቶን ይዘው ወረዱ። «ተመለሳችሁ? ሙስአብስ፣ ድንኳኑ ውስጥ ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

ወደ ድንኳኑ ሄዱ። ሸራውን ሲገልጡ መከልከል ነበረብኝ።

አልጮኹም። አጠገቡ ተቀምጠው ፊቱን በእጃቸው ደጋግመው ዳበሱት። ከዚያ «ኢና ሊላሂ» ብለው ተነሱና «ጀናዛ አይቆይም፣ አዲስ አበባ ሩቅ ነው» አሉ። እዚህ መስጊድ አጥበው፣ ሰግደው ቀበሩት። ፖሊስም ቃሌን ተቀብሏል። አብኔዘር ከሕመም አልጋው ተነስቶ መቃብሩን ከሰው ጋር ቆፈረ። እዚህ ስልክ አለ፤ ቁጥርሽን አውጥቼ ነበር። እሳቸው ግን «ለሰኪና በስልክ አይነገራትም። እኔ ራሴ እነግራታለሁ» አሉ።

አሁን ሊሄዱ ነው፤ አብኔዘር አብሯቸው ይመጣል። መኪናው ውስጥ ተቀምጠው እጃቸውን በመስኮት ዘርግተው «ለሉላ ደብዳቤ አለህ?» አሉኝ። እንደ ወትሮው። መንገድ ዳር ግንብ ላይ ተደግፌ የምጽፈው እሳቸው ሞተር አስነስተው እየጠበቁኝ ነው።

እኔ አልመጣም። እቃ መሰብሰብ አለብኝ።

ሃይለኣብ


ጉርድ ሾላ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሃይለኣብ፣

ጋሽ አብዱራሕማን በሬን አንኳኩተው ደብዳቤህን ሰጡኝ። ሻይ ልበልዎት ብላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ደክሟቸው ነው ብዬ ፖስታውን ልቀድ ስል፣ ከእነሱ ግቢ የእትዬ ሰኪና ድምፅ ተሰማ። ሳላነበው አወቅኩት።

እየሮጥኩ ሄድኩ። አላየችኝም። በማግስቱም ሄድኩ፣ አላየችኝም። ሴቶቹ መሐል ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ ድምፅዋ አልቆ፣ «አላለፈም ብለሽኝ ነበር» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ተነሺ ውጪልኝ ብትለኝ በወደድኩ፤ አላለችኝም።

ለአደይ ልነግራት የፈራሁት ከሁሉ በላይ ነበር። ግርማይ ከጠፋበት ጊዜ ጀምሮ የለቅሶ ቤት ገብታ አታውቅም፤ የዘመድም ቢሆን። የድንኳኑን ነገር፣ ቢጫውን ሸራ፣ የልጁን ነገር ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ «ልብሴን አቀብዪኝ» አለች። ክንዴን ይዛ በእግሯ ወረደች።

ስንገባ ሰዉ ቦታ ለቀቀላት። እትዬ ሰኪና ከምንጣፉ ላይ ቀና ብላ አየቻት። ልሳደብ ብትል የሚከለክላት አልነበረም። እንዲህ ነው ያለችው፦ «እማማ ኣምለሰት፣ እኔ ፊቱን አላየሁትም። አባቱ አፈር አለበስኩት አለኝ፣ አመንኩት። እርስዎ ሳላይ አላምንም ብለው ተቀመጡ፤ የእኔ ልጅ የእርስዎን ሊያሳይዎት ሄደ። ይኸው እኔም ሳላይ እያለቀስኩ ነው። ይቻላል፣ እማማ። ሳያዩም ይለቀሳል።»

አደይ እንደቆመች ቀረች። እኔ ያን ያህል አርጅታ አይቻት አላውቅም። ከዚያ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ መሬት ላይ፣ እትዬ ሰኪና ጉልበት አጠገብ ቁጭ አለችና «ሙስአብ ወደይ» ብላ ጀመረች። ልጄ እያለች ለሰው ልጅ አለቀሰች። ወንዝ የበላህ፣ ለእናትህ አንድ የሆንክ ጎበዝ፣ በእኔ እልከኝነት የሄድክ እያለች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረና፣ ሃይለኣብ፣ «ግርማይ ወደይ» አለች። «ግርማይ ወደይ! ግርማይ ወደይ!» ደረቷን እየመታች። ስሙን በለቅሶ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነው። እኔም ያኔ ነው የፈረስኩት። እዚያው ቤት፣ በሰው ልጅ ለቅሶ ላይ፣ ባሌን አለቀስኩት።

በእነሱ ሃይማኖት እንዲህ ጮኾ ማልቀስ አይወደድም። ሸምሲያ ልታረጋጋት ተነሳች። እትዬ ሰኪና ቀሚሷን ያዘቻትና «ተያት። የእሷ ዘግይቶ የመጣ ነው» አለቻት።

እሑድ ለግርማይ ፍታት ተደርጎለታል። ጋሽ ሐጎስ ድንኳን ይተከል ሲል አደይ እምቢ አለች። «ሰኪና ቤት እያለ ሌላ አያስፈልገኝም» ብላ እስከ ዛሬ እዚያው ትውላለች። ሁለቱ ብዙ አይነጋገሩም። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እኔ ጥቁር ለብሻለሁ። መበለት ነኝ፤ አሁን ስሜን አውቄዋለሁ።

እቃ መሰብሰብ ያልከውን ለሌላ ሰው ንገር። ከእኛ ፊት ነው የሸሸኸው። አብኔዘር በየቀኑ እየመጣ ወንበር ያነሳል፣ ውሃ ያድላል፤ አንተ ግን የለህም። እትዬ ሰኪና ትናንት በራሷ አፍ ጠየቀችኝ፦ «ያ ልጅ የት ነው?» አፍሮ ቀርቷል አልኳት። ቃሏን እንዳለ ልጻፍልህ፦ «ይምጣ። ልምረው አይደለም፣ እንዳትዋሺው። ልጄ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ ከአፉ መስማት እፈልጋለሁ። ሁለት ቀን አብሮት ነበር። እኔ ያልነበርኩበት ሁለት ቀን እሱ ዘንድ ነው ያለው።»

ምን ነበር ያለው፣ ሃይለኣብ? ክፉ ከሆነ አስቀድመህ ለእኔ ጻፍልኝ፣ ላዘጋጃት።

ሉላ


ቢርቢርሳ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሉላ፣

ደብዳቤሽን ሌላ ሾፌር ነው ያመጣልኝ። ጋሽ አብዱራሕማን ይህን መንገድ ትተውታል አሉ።

እቃው የተሰበሰበው ከመጀመሪያው ሳምንት ነው። ልክ ነሽ።

እዚህ የቆየሁት ደጀኔ ቤት ነው። እስከዛሬ ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሌላ ነገር ሲያወራኝ ቆይቶ ትናንት አብረን እንጨት ስንፈልጥ አስጨረሰኝ። ሰምቶኝ ሲያበቃ «እኔ ሁለተኛ ሰው ነው እዚያ ወንዝ ላይ የጣልኩት፤ አንተ ደግሞ ይቅርታ ትለኛለህ» አለና መጥረቢያውን አስቀምጦ ወደ ጓሮ ሄደ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። በሚመጣው በጋ ብቻውን ተሻግሮ የግርማይን አጥንት ሊያመጣልን ይፈልጋል። አስምዬዋለሁ፤ ማንም አይሻገርም። ወንድሜ ባለበት ይረፍ። ጫካውን ይወደው ነበር።

ሙስአብ ምን አለ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ክፉ አይደለም። ግን አልጽፍልሽም፣ ሉላ። ብዙ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሲናገር ነበር፤ አንዳንዱ ያስቃል፣ አንዳንዱ የማልችለው ነው። ከእናቱ በፊት ማንም ሊሰማው አይገባም፤ አንቺም ቢሆን። እስከዚያ እንዳይጠፋብኝ በየጠዋቱ ለራሴ እደግመዋለሁ።

ሐሙስ ከዚህ እነሳለሁ። ጉርድ ሾላ ስደርስ አደይ በር ላይ ቆማ ካየሻት ወደ ቤት አስገቢያት፤ አትጠብቀኝ። መጀመሪያ የማንኳኳው የእትዬ ሰኪናን በር ነው። ከከፈተችልኝ እገባለሁ። ካልከፈተችልኝ ደጃፏ ላይ እቀመጣለሁ፤ እስክትከፍት።

ሃይለኣብ